ከከተማ ዳር ለምንኖር፦ ለቤት ኮምፒውተር የትኛውን ፓወር ሰፕላይ እንግዛ?

ኮምፒውተር ልንገዛ ስንሄድ ስለ ፕሮሰሰሩ እንጠይቃለን፣ ስለ ራሙ እንጠይቃለን፣ ኤስኤስዲ አለው ወይ እንላለን። ፓወር ሰፕላዩን የሚጠይቅ ሰው ግን ብዙም የለም። ከኬዙ ጋር አብሮ የመጣው ይበቃል ተብሎ ይታለፋል። ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ለገጣፎ፣ ሰበታ መስመር ላይ ለምንኖር፣ ማታ ማታ ቮልቴጁ ወርዶ አምፖሉ ፈዞ ለምናመሽ ሰዎች ግን ከሁሉም በፊት መጠየቅ ያለበት እሱ ነው።

ኃይል ቆጣቢ ሲባል ሰው ቶሎ የሚያስበው የመብራት ሂሳብን ነው። እውነቱን ለመናገር በሂሳብ በኩል የምታተርፉት ትንሽ ነው፣ ስሌቱን ከታች አሳያችኋለሁ። ትልቁ ጥቅም ሌላ ነው። መብራት ሲሄድ ዩፒኤሱ፣ ማለትም በባትሪው ኮምፒውተሩን የሚያቆየው ዕቃ፣ ረዘም ላለ ጊዜ ያቆያችኋል፣ ሳጥኑ አይግልም፣ ቮልቴጅ ሲወርድም ኮምፒውተሩ ቶሎ እጅ አይሰጥም። ኃይል የማያባክን ፓወር ሰፕላይ አብዛኛውን ጊዜ በደንብ የተሠራ ፓወር ሰፕላይ ነው፤ ሌላው ጥቅም ሁሉ ከዚያ ይከተላል።

መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ እንይ። ከሶኬት የሚመጣው 220 ቮልት ኤሲ ነው። ኮምፒውተሩ የሚፈልገው ደግሞ 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት ዲሲ ነው። ፓወር ሰፕላዩ ያንን ወደዚህ ይቀይራል፣ በሚቀይርበት ጊዜም የተወሰነው ኃይል ይባክናል። የባከነው ሙቀት ሆኖ በጀርባ በኩል ይወጣል። ኮምፒውተሩ 100 ዋት ፈልጎ ፓወር ሰፕላዩ ከቆጣሪው 133 ዋት ቢስብ፣ 33ቱ ዋት ለማንም ያልጠቀመ ሙቀት ነው። እንዲህ ያለው ፓወር ሰፕላይ ብቃቱ 75 በመቶ ነው ይባላል። 90 በመቶ የሆነው ለዚያው 100 ዋት የሚስበው 111 ዋት ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ፍርሃት ላንሳ። 500 ዋት የሚል ሲያዩ "ይሄማ መብራት ይበላል" ብለው 300 የሚለውን የሚመርጡ ሰዎች አሉ። እንደዚያ አይደለም። 500 ማለት እስከዚያ ድረስ መስጠት ይችላል ማለት ነው። ኮምፒውተሩ 60 ዋት ከፈለገ የሚሰጠው 60 ብቻ ነው።

ብቃቱን የሚያረጋግጠው በሰፊው የሚታወቀው ምልክት 80 ፕላስ ይባላል። በፈረንጆቹ 2004 የተጀመረ ነው። ተራው ደረጃ ቢያንስ 80 በመቶ ማለት ነው፤ ከዚያ ብሮንዝ፣ ሲልቨር፣ ጎልድ፣ ፕላቲነም እያለ እስከ ቲታኒየም ይሄዳል። ከአቅሙ ግማሹን ሲሠራ ብሮንዝ 85፣ ሲልቨር 88፣ ጎልድ 90፣ ፕላቲነም 92፣ ቲታኒየም 94 በመቶ መድረስ አለበት። እነዚህ ቁጥሮች በ115 ቮልት የተለኩ ናቸው። በእኛ 220 ቮልት ላይ ብዙውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት በመቶ ይሻላል፣ ያም ለእኛ ጥሩ ዜና ነው።

አሁን ወደ ሂሳቡ። ከላይ ባየነው ምሳሌ የ75ቱና የ90ው ልዩነት 22 ዋት ነው። በቀን 8 ሰዓት ብትሠሩበት በወር 5.3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3.5 ኪሎዋት ስለሚስብ ይሄ አንድ ሰዓት ተኩል እንጀራ ከመጋገር ጋር እኩል ነው። በወር! የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ብዙ በተጠቀማችሁ ቁጥር በእርከን እየጨመረ የሚሄድ ነው፣ ከመስከረም 2017 ወዲህም ደረጃ በደረጃ እያደገ ስለሆነ የዛሬውን ዋጋ ካርድ ከሞላችሁበት ደረሰኝ ላይ አይታችሁ በ5.3 አባዙት። የሚወጣው ብር አያስደነግጥም። ለዚህ ብቻ ብሎ ውድ ፓወር ሰፕላይ የሚገዛ ሰው ገንዘቡ የሚመለስለት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ደግሞ ልዩነቱ የት ላይ እንዳለ ልብ በሉ። ከ75 በመቶው ወደ ብሮንዝ ስትወጡ የምታድኑት 15 ዋት ከምናምን ነው። ከብሮንዝ ወደ ጎልድ ስትወጡ ግን 6 ዋት ተኩል ብቻ። ከጎልድ በላይ ያለው ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ ዋናው እርምጃ ስሙ ከማይታወቀው ሳጥን ወጥቶ ትክክለኛ ብሮንዝ ላይ መድረስ ነው። ፕላቲነምና ቲታኒየም ቀንና ሌሊት ለማይጠፋ ሰርቨር እንጂ ለቤት ኮምፒውተር አያስፈልጉም። ያንን ገንዘብ ለዩፒኤስ አውሉት።

"ትክክለኛ ብሮንዝ" ያልኩት በምክንያት ነው። ገበያው ላይ የተጻፈውና ውስጡ ያለው የማይገናኝ ብዙ አለ። አንድ ሱቅ ውስጥ አገላብጬ ያየሁትን ልንገራችሁ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ 500 ዋት ይላል። ጎኑ ላይ የተለጠፈው ሠንጠረዥ ግን በ12 ቮልት መስመር 16 አምፒር ብቻ ነው የሚለው። 12 ሲባዛ በ16፣ 192 ዋት። የዛሬ ኮምፒውተር ፕሮሰሰሩም ግራፊክስ ካርዱም የሚመገቡት ከ12 ቮልቱ ስለሆነ ያ ዕቃ በተግባር የ200 ዋት ዕቃ ነው። የእውነት 500 ዋት የሆነው በ12 ቮልት መስመሩ ላይ 38 ወይም 40 አምፒር አካባቢ ይላል። ይህችን አንዲት ማባዛት በስልካችሁ ካልኩሌተር ሱቁ ውስጥ ቆማችሁ ሥሯት፣ ሻጩ ምን እንደሚል አትስሙ። ክብደቱንም በእጃችሁ መዝኑት። ውስጡ በቂ ጥቅልልና የሙቀት ማስወገጃ ብረት ያለው ፓወር ሰፕላይ ከበድ ይላል፤ ባዶ ሳጥን የሚመስል ቀላል ከሆነ ተዉት። የ80 ፕላስ ስቲከር በራሱ ማረጋገጫ አይደለም፣ ማንም አትሞ መለጠፍ ይችላልና። የሞዴሉን ቁጥር 80 ፕላስን የሚያስተዳድረው ክሊርሪዛልት ባወጣው ዝርዝር ውስጥ ፈልጉት። ከሌለ የለም።

ስንት ዋት ይበቃኛል? ለብቻው ግራፊክስ ካርድ የሌለው፣ ለቢሮ ሥራ፣ ለትምህርት፣ ለፊልም የሚሆን ኮምፒውተር ዝም ብሎ ሲቀመጥ 40 ወይም 60 ዋት አካባቢ ነው፣ ሲጨናነቅም ከ150 እምብዛም አያልፍም። ለእሱ 300 ወይም 400 ከበቂ በላይ ነው። ጌም ለሚጫወት ወይም ቪዲዮ ለሚያቀናብር ሰው ካርዱን ጨምሩበት። ጂቲኤክስ 1650 ወደ 75 ዋት ነው፣ አርቲኤክስ 3060 ደግሞ 170። በዚህ ላይ ፕሮሰሰሩን ስትደምሩ 300 አካባቢ ትደርሳላችሁ፣ ጥሩ 550 በምቾት ይሸከመዋል። ትልቅ ይሻላል ብሎ 1000 ዋት መግዛት ጉዳት አለው፣ ምክንያቱም ፓወር ሰፕላይ በደንብ የሚሠራው ከአቅሙ ግማሽ አካባቢ ሲሆን ነው። ከ20 በመቶ በታች ሲወርድ ብቃቱ እየቀነሰ ይሄዳል። 1000 ዋት የሚሰጥ ሳጥን 60 ዋት ብቻ እየሰጠ ሲውል ስቲከሩ ላይ ያለውን ጎልድ አታገኙትም።

አሁን ያላችሁ ኮምፒውተር ስንት እንደሚስብ ለማወቅ መሣሪያ መግዛት የግድ አይደለም። ብዙዎቹ ዲጂታል ካርድ ቆጣሪዎች ላይ ብልጭ የምትል ቀይ መብራት አለች፣ አጠገቧም በአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ እንደምትበራ ተጽፏል። 1000 ሊሆን ይችላል፣ 1600ም ሊሆን ይችላል፣ የእናንተን አንብቡ። ፍሪጁንም ሌላውንም ሁሉ ንቀሉና ኮምፒውተሩን ከነስክሪኑ ብቻ አስቀሩ። ቆጣሪው 1600 የሚል ቢሆንና በ6 ደቂቃ ውስጥ 16 ጊዜ ብልጭ ቢል፣ ኮምፒውተራችሁ 100 ዋት እየሳበ ነው። 6 ደቂቃ የሰዓት አንድ አሥረኛ ስለሆነ ስሌቱ ቀላል ነው፦ የቆጠራችሁትን በ1600 አካፍሉ፣ ከዚያ በ10,000 አባዙ። ኮንዶሚኒየም ላይ ቆጣሪው ደረጃው ሥር ተሰብስቦ ስለሚገኝ አንድ ሰው ታች ሆኖ ይቁጠር፣ ሌላው ላይ ሆኖ ኮምፒውተሩን ያሠራው።

አሁን ወደ እኛ ሰፈር ዋና ችግር ልምጣ። ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመርቋል፣ ደስታው የሁላችንም ነው፤ እቤታችን ሶኬት ላይ የሚደርሰው ቮልቴጅ ግን የሰፈሩ ትራንስፎርመርና የሽቦው ርዝመት ጉዳይም ነው። ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ድረስ ምጣዱም፣ ምድጃውም፣ ካውያውም በአንድ ላይ ሲሠራ፣ ከትራንስፎርመሩ ርቆ ያለ ቤት 220ው ወደ 170፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ሲወርድበት ይታያል። አምፖል ቮልቴጅ ሲወርድ ይፈዛል፣ ፓወር ሰፕላይ ግን መፍዘዝ አይችልም። ኮምፒውተሩ የሚፈልገው ዋት ያው ስለሆነ የጎደለውን ቮልቴጅ በአምፒር ያካክሳል። ቮልቴጁ ከ220 ወደ 150 ቢወርድ አምፒሩ ወደ አንድ ተኩል እጥፍ ይጠጋል። ሽቦውም ውስጡም የሚግለው ያኔ ነው። ደካማው ሳጥን የሚቃጠለው ወይ ኮምፒውተሩ በድንገት ሪስታርት የሚያደርገውም ያኔ ነው።

ስለዚህ ጎኑ ላይ ያለውን የግቤት ቮልቴጅ አንብቡ። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ 150 ላይም ሥራውን ይቀጥላል። ከ200 እስከ 240 ብቻ የሚል ከሆነ ለእኛ መንደር አይሆንም። ጀርባው ላይ 115 እና 230 የሚል ቀይ ማብሪያ ያለው ደግሞ የድሮ አሠራር ነው፣ 230 ላይ አድርጋችሁት ከ180 በታች ሲወርድ ዋስትና የለውም። ልጅ ነካክቶት 115 ላይ ሆኖ ከተሰካ ደግሞ ወዲያው ይፈነዳል። ከተቻለ ቀይ ማብሪያ ያለውን አትግዙ፣ ያላችሁ ሰዎች ግን 230 ላይ መሆኑን አረጋግጣችሁ በፕላስተር ሸፍኑት።

ሰፊ ግቤት ያላቸው ላይ ብዙውን ጊዜ "አክቲቭ ፒኤፍሲ" የሚል ጽሑፍ ታገኛላችሁ። ይሄ ለምን እንደሚጠቅም ጥቂት ልቆይበት፣ ዩፒኤስና ስታቢላይዘር ለሚገዛ ሰው ትልቅ ነገር ነውና። ፒኤፍሲ የሌለው ፓወር ሰፕላይ ኤሌክትሪኩን የሚስበው እየዘለለ፣ በአጭር በአጭሩ ነው። የሚጠቀመው 133 ዋት ቢሆንም ሽቦው ላይና ዩፒኤሱ ላይ የሚያሳርፈው ጫና ከ200 ቮልት አምፒር ሊያልፍ ይችላል። አክቲቭ ፒኤፍሲ ያለው ግን የሚስበውን ያስተካክለዋል፣ 111 ዋቱ 115 ቮልት አምፒር አካባቢ ብቻ ይሆናል። የቤት ቆጣሪ የሚያስከፍለው ዋቱን ስለሆነ ሂሳቡ ላይ አይታይም። ዩፒኤሱ ግን የተሸጠላችሁ በቮልት አምፒር ነው፣ ስለዚህ ባለ 650 ዩፒኤስ አንዱን ኮምፒውተር ከነስክሪኑ ተመቻችቶት ሲሸከም ሌላው ያንጫጫዋል።

ባትሪውንም አስቡት። በትንሹ ዩፒኤስ ውስጥ በብዛት ያለው 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ ነው፣ በወረቀት 84 ዋት ሰዓት፣ በተግባር ከዚያ በጣም ያነሰ። 133 የሚስበውን 10 ደቂቃ የሚያቆይ ከሆነ 111 የሚስበውን 12 ደቂቃና ከዚያ በላይ ያቆያል። ሁለት ደቂቃ ምን አላት እንዳትሉ። መብራት ሲሄድ የምትጽፉትን ሴቭ አድርጋችሁ ኮምፒውተሩን በሥርዓት የምታጠፉባት ናት። በሶላርና በኢንቨርተር ለምትሠሩ ደግሞ ማታ ሙሉ ሲደመር ልዩነቱ ጉልህ ነው።

አንድ መጠንቀቅ ያለባችሁ ነገር አለ። ርካሽ ዩፒኤሶች በባትሪ ሲሠሩ የሚያወጡት ሞገድ የተቆራረጠ ነው። አንዳንድ አክቲቭ ፒኤፍሲ ያላቸው ፓወር ሰፕላዮች ይሄን ሞገድ አይወዱትም፣ ይጮኻሉ ወይም ጭራሽ ይጠፋሉ። ብዙዎቹ ያለ ችግር ይሠራሉ፣ ግን ሳይሞከር አይታወቅም። አቅም ካላችሁ ፒዩር ሳይን ዌቭ የሚባለውን፣ ሞገዱ ያልተቆራረጠውን ዩፒኤስ ግዙ። ዩፒኤሱ ወደ ባትሪ እስኪዞር ያለችውን ክፍተት የሚሸፍነው ደግሞ ራሱ ፓወር ሰፕላዩ ነው። ኤቲኤክስ የሚባለው፣ የተለመዱት ፓወር ሰፕላዮች የሚሠሩበት መመሪያ ለብዙ ዓመት የጠየቀው ቢያንስ 16 ሚሊ ሰከንድ ያህል ያለ መብራት እንዲቆይ ነው፤ ዩፒኤሶች ለመዞር በአብዛኛው ከ10 ያነሰ ነው የሚወስድባቸው። ርካሹ ሳጥን እዚህ ላይ ስለሚሰስት ነው ሰው "ዩፒኤስ እያለኝ ኮምፒውተሬ ይጠፋል" እያለ የሚቸገረው። ዩፒኤሱን ከመቀየራችሁ በፊት ፓወር ሰፕላዩን ጠርጥሩ።

ብዙ ሰው የሚያስደነግጠው ሌላ ነገር፣ አዲስ ጥሩ ፓወር ሰፕላይ ገጥሞ ኬዙን ሲነካው መንዘሩ ነው። የድሮው አይነዝርም ነበር፣ አዲሱ ተበላሽቷል ብሎ ሊመልሰው ይሄዳል። አልተበላሸም። ጥሩ ፓወር ሰፕላይ መግቢያው ላይ ረብሻ የሚያጣራ ፊልተር አለው፣ ያ ፊልተር ትንሽ ኤሌክትሪክ ወደ ኬዙ ብረት ያሳልፋል፣ እሷም በኧርዝ ሽቦ በኩል መሬት መግባት ነበረባት። ቤታችሁ ኧርዝ ከሌለው መንገዷ እናንተ ናችሁ። ርካሹ ብዙ ጊዜ ፊልተሩን ስለዘለለው ነው የማይነዝረው። መፍትሔው ኧርዝ በኤሌክትሪክ ባለሙያ ማስገባት ነው። ኧርዙ እያለ ደግሞ ሁለት እግር ብቻ ባለው አዳፕተር ወይም ርካሽ ዲቫይደር ላይ ሰክቶ የሚቆርጠው ብዙ ነው፣ እሱን አስተካክሉ። በጣም ጠንከር አድርጎ የሚመታ ከሆነ ግን ወዲያው ንቀሉና አሳዩት።

ሙቀትን በተመለከተ እኛ ጋ ቅዝቃዜ ስላለ ችግር የለም ይባላል። ግማሹ እውነት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ላይ ናት፣ ሱሉልታና እንጦጦ ጫፍ ከዚያም ይበልጣሉ። በዚህ ከፍታ አየሩ ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ ማራገቢያው በዚያው ፍጥነት ቢዞርም ይዞት የሚወጣው ሙቀት ያነሰ ነው። በዚህ ላይ አስፋልት ያልደረሰበት መንገድና ግንባታ ያልቆመበት ሰፈር አቧራው አለ። ፓወር ሰፕላይ ውስጥ መጀመሪያ የሚያረጀው ካፓሲተር ነው፣ በግርድፉ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል። 33 ዋት የሚያሞቀውና 11 ዋት የሚያሞቀው እዚህ ላይ ይለያያሉ። ኬዙን መሬት ላይ አታስቀምጡ፣ በየጥቂት ወሩም ከሶኬት ነቅላችሁ ከውጭ በኩል በብሩሽ አጽዱት። ሳጥኑን ግን ፈትታችሁ ውስጡን አትንኩ፣ ተነቅሎም ቢሆን ካፓሲተሩ ውስጥ የሚቀረው ኤሌክትሪክ ሰው ይጎዳል።

አዲስ ለመግጠም በጀት ለሌለው ሰው ስላሽ (ያገለገለ) የቢሮ ኮምፒውተር፣ እነ ዴል ኦፕቲፕሌክስ፣ እነ ኤችፒ ኤሊትዴስክ፣ ጥሩ አማራጭ ነው። ብዙዎቹ ከፋብሪካ ሲወጡ ጀምሮ ብቃቱ የተረጋገጠ ፓወር ሰፕላይ አላቸው፣ የሚስቡትም ትንሽ ነው። ጉዳቱ ማገናኛቸው ከተለመደው ኤቲኤክስ ጋር ብዙ ጊዜ አይገጥምም፣ ሲበላሽ የራሱን ዓይነት መፈለግ ነው። ግራፊክስ ካርድ እጨምራለሁ የምትሉም እነሱ ላይ አትድከሙ።

የትኛውም ፓወር ሰፕላይ የማይችለው ነገር አለ፦ ቮልቴጅ ከልክ በላይ ሲመጣ። ምሰሶው ላይ ኒውትራል ሲበጠስ እስከ 380 የሚጠጋ ቤት ሊገባ ይችላል፣ ጎልድም ብሮንዝም አይቋቋመውም። ለፍሪጅ የሚገዛውን፣ ቮልቴጅ ሲዛባ የሚቆርጥና ሲስተካከል ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ የሚመልሰውን መከላከያ ለኮምፒውተሩም አድርጉ። እሱ እስኪገዛ መብራት ሲሄድ ከጀርባ ያለውን ማብሪያ አጥፉና መብራት ከመጣ በኋላ ትንሽ ቆይታችሁ አብሩ።

እኔ ዛሬ ብገዛ ለተራ የቤት ኮምፒውተር ከታወቀ አምራች 400 ወይም 450 ዋት ብሮንዝ፣ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል፣ አክቲቭ ፒኤፍሲ ያለው እወስዳለሁ። የዋጋው ልዩነት ትንሽ ከሆነ ብቻ ጎልድ። መርካቶም ግዙ መገናኛ፣ ዩፒኤሳችሁን ይዛችሁ ሂዱና ሱቁ ውስጥ ኮምፒውተሩ ላይ አስገጥማችሁ፣ እየሠራ ሳለ ዩፒኤሱን ከግድግዳው ንቀሉት። ኮምፒውተሩ ሳይጠፋ ከቀጠለ ክፈሉ፣ ሻጩ ማስሞከር ካልፈለገ ቀጣዩ ሱቅ ግቡ።